ባይት፣ ፊደል፣ ስፋት፦ የአማርኛ ጽሑፍን በፓይተን ሳያበላሹ ለመሥራት

«ሰላም» ርዝመቱ ስንት ነው? ሦስት ያለ ልክ ነው። ዘጠኝ ያለም ልክ ነው። አንዱ ፊደል ቆጠረ፣ ሌላው ባይት ቆጠረ፤ ባይት ኮምፒውተሩ መረጃ የሚያስቀምጥበት ከ0 እስከ 255 የሆነ ቁጥር ነው። ሦስተኛ ቁጥርም አለ፦ ጽሑፉ ተርሚናል ላይ ስንት ዓምድ ይይዛል? ለ«ሰላም» ሦስት ነው። ኢሞጂ ወይም የቻይና ፊደል ሲገባበት ግን ቁጥሩ ከሁለቱም ይለያል። ስክሪፕታችሁ ስም ሲቆርጥ፣ ፋይል ሲያመሰቃቅል ወይም ሠንጠረዥ ሲያንሻፍፍ ብታዩ፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከሦስቱ ቁጥሮች አንዱ በሌላው ቦታ ገብቷል።

እዚህ የምሠራው በፓይተን 3 ነው። በፒኤችፒ ወይም በሩቢ ለምትሠሩም አካሄዱ ያው ነው፤ የትእዛዞቹ ስም ነው የሚለየው። የትእዛዝ ስሞችን ሁሉ በአማርኛ ፊደል ነው የጻፍኳቸው። ኮድ ውስጥ ስታስገቧቸው በላቲን ይሁኑ።

ደረጃ 1፦ ባይቶቹን በዓይናችሁ እዩ

ፓይተንን ክፈቱና «ሰላም»ን ርዝመት ለሚቆጥረው ትእዛዝ፣ ለሌን፣ ስጡት። 3 ይላችኋል። አሁን ያንኑ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ፊደልን በባይት በሚጽፈው ደንብ፣ በዩቲኤፍ-8፣ ኢንኮድ አድርጉት፤ ማለትም ወደ ባይት ቀይሩት። ውጤቱን እንደገና ለሌን ስጡት። 9 ይላል። ውጤቱን ወደ ሊስት ቀይራችሁ ብታትሙት ይህን ታያላችሁ፦

ሰ፦ 225፣ 136፣ 176
ላ፦ 225፣ 136፣ 139
ም፦ 225፣ 136፣ 157

እነዚህን ቁጥሮች አንድ ቦታ ጻፏቸው፤ ቀጥሎ ባለው ደረጃ እንፈልጋቸዋለን። ሦስቱም በ225 ይጀምራሉ። አጋጣሚ አይደለም። የግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ነው። ዋናው ክልሉ ከ4608 እስከ 4991 ይደርሳል። በዚህ ክልል ያለ ማንኛውም ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይፈጃል። የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ይሆናል፣ ሦስተኛው ደግሞ ከ128 እስከ 191።

ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ዩቲኤፍ-8ን ሲነድፉ ያስገቧት አንዲት ዘዴ አለች። ከ128 እስከ 191 ያሉ ባይቶች የካራክተር (የፊደል ወይም የምልክት) መጀመሪያ ሊሆኑ አይችሉም፤ ሁልጊዜ ተከታይ ናቸው። ከ128 በታች ያለው ደግሞ ብቻውን የሚቆም ተራ አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደል፣ አሃዝና ምልክት) ነው። ስለዚህ ፋይሉ መሀል ላይ የትም ብትወድቁ፣ ያረፋችሁበት ባይት የፊደል ራስ ይሁን ጭራ ወዲያው ታውቃላችሁ። ጽሑፍ ስንቆርጥ ይህች ነገር ዋጋ አላት።

ደረጃ 2፦ ሲገባ ዲኮድ፣ ሲወጣ ኢንኮድ

ፓይተን 3 ስትሪንግንና ባይትስን አጥብቆ ይለያል። ስትሪንግ የካራክተሮች ሰልፍ ነው፣ ባይትስ የቁጥሮች ሰልፍ። ሁለቱን ልደምር ብትሉ ታይፕ ኤረር ይሰጣችኋል። ደግ አደረገ። ከዚህ የሚወጣው አሠራር አንድ ነው፦ ጽሑፍ ወደ ፕሮግራሙ ሲገባ ወዲያው ዲኮድ አድርጉት (ከባይት ወደ ስትሪንግ መልሱት)፣ ውስጥ ሁሉንም ሥራ በስትሪንግ ሥሩ፣ ሲወጣ ኢንኮድ አድርጉት። ፕሮግራሙ መሀል ላይ ኢንኮድና ዲኮድ ተበትነው ካያችሁ፣ አንድ ቦታ ላይ የሆነ ሰው ችግር በግምት ሲያስታግስ ነበር ማለት ነው።

ዋናው መግቢያ ፋይል ነው። ኦፕን ስትጠሩ ኢንኮዲንግ የሚለውን ሁልጊዜ በግልጽ ጻፉ፣ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ። ካልጻፋችሁት ፓይተን የኮምፒውተሩን ልማድ ይከተላል። በሊኑክስና በማክ ልማዱ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ ምንም አይታያችሁም። በብዙ ዊንዶውስ ላይ ግን ሲፒ1252 የሚባለው አሮጌ የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ ነው። እናንተ ጋ ያለችግር የሠራ ስክሪፕት ጓደኛችሁ ጋ ሲሄድ «ቻርማፕ» የሚል ኤረር የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ይቺን ኤረር ቀረብ ብለን እንያት። ሲፒ1252 ለ256 ባይቶች ቦታ አለው፤ ከነዚህ አምስቱን ግን ባዶ ትቷቸዋል። እነሱም 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157 ናቸው። አሁን ከላይ ወደጻፋችኋቸው ቁጥሮች ተመለሱ። የ«ም» ሦስተኛ ባይት 157 ነው። ፓይተን «ሰላም»ን በሲፒ1252 ሲያነብ ሰን ያልፋል፣ ላን ያልፋል፣ የም መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ይገጥመውና ይቆማል። ኤረሩም ቦታ 8 ላይ ነው ይላል፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር ዘጠነኛው ባይት ማለት ነው። 141ም የዋዛ አይደለም። የፀ፣ የፈና የፐ ረድፎች ሁለተኛ ባይታቸው እሱ ነው። የአራት ነጥብ፣ የነጠላ ሰረዝና የግዕዝ ቁጥሮችም እንደዚሁ። ስለዚህ አራት ነጥብ ያለበት ማንኛውም የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይህን ኤረር ያስነሳል።

ኤረሩ ሲያናድዳችሁ ኢንኮዲንጉን ላቲን-1 አድርጉት የሚል ምክር ታገኙ ይሆናል። አታድርጉት። ላቲን-1 ባዶ ቦታ የለውም፣ ሁሉንም 256 ባይት ይቀበላል። ኤረሩ ይጠፋል፣ ጽሑፉ ግን ቆሻሻ ሆኖ ይገባል። የሚጮህ ስህተት ዝም ከሚል ስህተት ሺህ ጊዜ ይሻላል።

ከፓይተን 3.15 ጀምሮ ልማዱ በሁሉም ሲስተም ዩቲኤፍ-8 እንዲሆን ተወስኗል። ቢሆንም ስክሪፕታችሁ በየትኛው ቨርዥን እንደሚሮጥ አታውቁምና ጻፉት። ኮዱን መንካት በማትችሉበት ቦታ፣ ፓይተንዩቲኤፍ8 የሚባለውን የሲስተም ቫሪያብል 1 ብታደርጉት ከ3.7 ወዲህ ያሉት ቨርዥኖች ሁሉ ዩቲኤፍ-8ን እንደ ልማድ ይይዛሉ።

ሌሎቹ መግቢያና መውጫዎች፣ በአጭሩ፦

ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ የሠንጠረዥ ፋይል) ለኤክሴል የምታወጡ ከሆነ በዩቲኤፍ-8-ሲግ ጻፉት። ይህ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ሦስት ባይት ይጨምራል፣ 239፣ 187 እና 191። ኤክሴል ያን ምልክት ካላየ አማርኛውን እንደ ሲፒ1252 ሊከፍተው ይችላል። ከኤክሴል የመጣውን ስታነቡም በዚያው ስም አንብቡ፤ ምልክቱ ቢኖር ያነሳዋል፣ ባይኖርም ግድ የለውም። በተራ ዩቲኤፍ-8 ካነበባችሁት ግን የማይታየው ምልክት ከመጀመሪያው ዓምድ ስም ጋር ይጣበቃል። «ስም» የሚለውን ዓምድ ስትጠሩ የለም ይላችኋል። ብታትሙት አለ። ሌን ስትሉት ነው ሁለት መሆን የነበረበት ሦስት ሆኖ የምታገኙት።

ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ስትጽፉ ኢንሹርአስኪ የሚለውን ፎልስ አድርጉት። ካልሆነ እያንዳንዱ ፊደል ባለስድስት ምልክት ኮድ ይሆንና «ሰላም» 18 ምልክት ይፈጃል። መረጃው አልተበላሸም፤ ያነበበው ፕሮግራም ይመልሰዋል። ለሰው ዓይን ግን አይነበብም፣ ፋይሉም በከንቱ ያብጣል።

ተርሚናል ላይ ማተም አልሆን ካለ፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ የማተሚያ መውጫውን፣ ኤስቲዲአውትን፣ ሪኮንፊገር በሚለው ትእዛዝ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩት። ሌላ ፕሮግራም የሚያስነሳውን ሰብፕሮሰስ ስትጠሩም ኢንኮዲንጉን ስጡት፤ እሱን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው።

ደረጃ 3፦ የተበላሸውን ከማከም በፊት ምልክቱን ለዩ

የተመሰቃቀለ ጽሑፍ ሲመጣ ቶሎ ወደ ጥገና አትሩጡ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ራሱ መረጃው መትረፍ አለመትረፉን ይነግራችኋል።

ባዶ ሳጥኖች ካያችሁ ተረጋጉ። ጽሑፉ ደህና ነው፤ የሌለው ፎንት ነው።

አናቷ ላይ ጭረት ያላት የላቲን ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ካያችሁ፣ የዩቲኤፍ-8 አማርኛ በሲፒ1252 ወይም በላቲን-1 ተነቧል። ያቺ ኤ በሁለቱም ሰንጠረዦች የባይት 225 ቦታ ናት። ብዙ ጊዜ ከኋላዋ ትንሽ ቆብ የመሰለ ምልክት ይከተላታል፤ እሱ በሲፒ1252 ባይት 136 ነው። ይህ መልክ ጥሩ ዜና ነው፣ ባይቶቹ አሉ ማለት ነው። የተመሰቃቀለውን ስትሪንግ በተነበበበት ሰንጠረዥ ኢንኮድ አድርጉት፣ ቆቧ ካለች በሲፒ1252፣ ከሌለች በላቲን-1፤ ውጤቱን በዩቲኤፍ-8 ዲኮድ አድርጉት፤ አማርኛው ይመለሳል። ሁለት ጊዜ የተመሰቃቀለ ከሆነ ሁለት ጊዜ ድገሙት። መጠኑም ይመሰክራል፦ ጤነኛ አማርኛ በፊደል ሦስት ባይት ነው፣ ተመሰቃቅሎ እንደገና በዩቲኤፍ-8 የተቀመጠ ግን ቢያንስ ስድስት።

እዚህ ጋ አንድ እንቅፋት አለ። ብሮውዘሮች ሲፒ1252 ባዶ የተዋቸውን አምስት ቦታዎች የማይታዩ የመቆጣጠሪያ ካራክተሮች አድርገው ያነቧቸዋል። ፓይተን ግን ወደኋላ ሲመልስ እምቢ ይላል። የላቲን-1 መንገድ ደግሞ ቆቧን አይቀበላትም፣ እሷ በላቲን-1 ውስጥ የለችም። እንዲህ ያለ ድብልቅ ሲገጥማችሁ ኤፍቲኤፍዋይ የሚባለውን ላይብረሪ በፒፕ አስገቡና ለሱ ተዉት። ለዚሁ ሥራ የተሠራ ነው።

ጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ይህ ቁጥር 65533 የሆነው ምትክ ካራክተር ነው። አንድ ፕሮግራም ያልገባውን ባይት በዚህ ተክቶታል። ዋናው ፋይል ካለ በትክክለኛው ኢንኮዲንግ እንደገና አንብቡት። ተተክቶ ከተቀመጠ ግን የቀድሞው ባይት የለም። የባይቱን ሊስት አውጡና 239፣ 191፣ 189 እየተደጋገመ መሆኑን እዩ። ከሆነ፣ መረጃውን ከምንጩ ከማስመጣት በቀር መንገድ የለም።

ተራ የጥያቄ ምልክቶች፣ ለአንድ ፊደል አንድ፣ ከሆኑም እንደዚያው ነው። ፊደሉ ግዕዝን ወደማያውቅ ኢንኮዲንግ ሲወጣ ጠፍቷል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዳታቤዝ ግንኙነቱ ወይም የሠንጠረዡ ኢንኮዲንግ ላይ ነው።

ዲኮድ ስታደርጉ ኤረርስ በሚለው ቦታ ላይ ኢግኖር (እለፈው) ወይም ሪፕሌስ (ተካው) ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን አስቡ። ሁለቱም ኤረሩን ዝም ያሰኙታል፤ የሚያሰኙት መረጃ በመጣል ነው። ባይቱን ሳይጥሉ ለመመርመር ባክስላሽሪፕሌስ ይሻላል፤ ያልተነበበውን ባይት በቁጥሩ ጽፎ ያሳያችኋል።

አንድ የተለየ ጉዳይም አለ። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ዲኮድ ቢደረግ አይድንም። በነዚያ ፋይሎች ውስጥ ያለው የላቲን ካራክተር ነው፤ ፎንቱ ነው ፊደል አስመስሎ የሚስለው። የዚያን ፎንት የመለወጫ ሰንጠረዥ አግኝታችሁ ምልክት በምልክት መተካት ነው ያለው። አንድ ፊደል ከሁለት ምልክት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል ከረጅሙ ጀምራችሁ ተኩ።

ደረጃ 4፦ ሲቆርጡ በምን እንደሚቆርጡ ይወቁ

መጀመሪያ ጠይቁ፦ ገደቡ የተሰጠው በባይት ነው ወይስ በካራክተር? መልሱ እንደየቦታው ይለያያል፣ ለአማርኛ ደግሞ ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው።

ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም የፋይል ስም ገደብ 255 ባይት ነው። በፊደል ስንመነዝረው 85። ከጽሑፍ ርዕስ የፋይል ስም የሚሠራ ስክሪፕት በላቲን ሲሞከር ደህና ሆኖ፣ ረዘም ባለ የአማርኛ ርዕስ ይወድቃል። የይለፍ ቃል መጠበቂያው ዘዴ፣ ቢክሪፕት፣ የይለፍ ቃል የሚያየው እስከ 72 ባይት ነው፣ ማለትም 24 ፊደል። ከዚያ በላይ ያለውን አንዳንዱ ላይብረሪ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ አንዳንዱ ኤረር ይሰጣል። ማይኤስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓምድ ዓይነት) የሚቆጥረው ካራክተር ነው፤ ኦራክል ላይ ካልቀየራችሁት ባይት ነው። ማይኤስኪውኤል ውስጥ ዩቲኤፍ8 ተብሎ የኖረው ስም ደግሞ እስከ ሦስት ባይት ብቻ ይይዛል። ፊደል ይገባበታል፣ ባለአራት ባይቱ ኢሞጂ አይገባበትም። ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 የሚለውን ምረጡ። አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን 160 ምልክት ሲይዝ በአማርኛ 70 ነው የሚይዘው፤ ምክንያቱም 140 ባይት ለባለሁለት ባይት ኮድ ሲካፈል 70 ይሰጣል።

ገደቡ በካራክተር ከሆነ የስትሪንግ ስላይስ ይበቃል። በባይት ከሆነ እንዲህ አድርጉ፦

ስትሪንጉን በዩቲኤፍ-8 ኢንኮድ አድርጉ። ባይቱን በገደቡ ላይ ቁረጡ። የቀረውን ዲኮድ አድርጉ፣ ኤረርስን ኢግኖር ብላችሁ።

በ100 ባይት ብትቆርጡ 33 ፊደል 99 ይወስዳል፣ አንዲት 225 ብቻዋን ጭራ ላይ ትቀራለች። ኢግኖር የሚጥላት እሷን ነው። ከላይ ኢግኖርን ኮንኜ እዚህ መፍቀዴ ምክንያት አለው። ባይቱን ራሳችን ነን ከጤነኛ ስትሪንግ ያወጣነው፤ ከተቆረጠው ጫፍ በቀር የተበላሸ ነገር ሊኖረው አይችልም።

ትልቅ ፋይል በባይት እየቆነጠራችሁ ስታነቡም ይኸው ችግር አለ። 4096 ለሦስት ሲካፈል አንድ ይተርፋል። ስለዚህ ፊደል ብቻ ያለበት ፋይል የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ነው የሚሰበረው። ፋይሉን በቴክስት ሞድ ከከፈታችሁት ፓይተን ራሱ ይይዝላችኋል። ከኔትወርክ የሚመጣ ከሆነ ኮዴክስ ውስጥ ያለውን ኢንክሪመንታል ዲኮደር ተጠቀሙ፤ ያልተሟላውን ጭራ ይዞ ቀጣዩን ቁራጭ ይጠብቃል። እዚህ ቦታ ኢግኖር ብትሉ ድንበሩ ፊደል መሀል ላይ በወደቀ ቁጥር አንድ ፊደል ትበላላችሁ፣ ማንም ሳያይ።

ደረጃ 5፦ ስፋት የብቻው ጥያቄ ነው

ሠንጠረዥ ተርሚናል ላይ ለማሰለፍ፣ ጽሑፉን በባዶ ቦታ የሚሞላውን ኤልጀስት ወይም የኤፍ-ስትሪንግ ማስፊያ ትጠቀማላችሁ። ሁለቱም የሚቆጥሩት ካራክተር ነው። ለተራ አማርኛ ይሠራል፤ ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ስፋት ገለልተኛ ስለሚለው ተርሚናሎች አንድ ዓምድ ይሰጡታል። ፒኤችፒ ውስጥ ስትሪፓድ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ ለ«ሰላም» አሥር ስፋት ብትጠይቁ ሰባት ክፍተት በመጨመር ፈንታ አንድ ብቻ ይጨምራል። ለዚህ ኤምቢ-ስትሪፓድ በፒኤችፒ 8.3 መጥቷል።

የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። የቻይናና የጃፓን ፊደላት፣ አብዛኛው ኢሞጂም፣ ሁለት ዓምድ ይይዛሉ። ዜሮ የሚይዙም አሉ። የኛም ፊደል ውስጥ አለ፦ መዝገበ ቃላት ውስጥ ጥብቀትን ለማሳየት ፊደሉ አናት ላይ የሚቀመጡት ነጥቦች፣ ቁጥር 4959። ሌን ይቆጥራቸዋል፣ ሦስት ባይትም ይወስዳሉ፣ ስክሪን ላይ ግን የራሳቸው ቦታ የላቸውም።

ስፋት የምትለካ ፋንክሽን መጻፍ ቀላል ነው። ዩኒኮድዳታ የሚባለውን ሞጁል አስገቡ፣ ከዚያ በየካራክተሩ ዙሩ፦

ካታጎሪው ኤምኤን፣ ኤምኢ ወይም ሲኤፍ (ሌላ ላይ የሚለጠፍ ወይም የማይታይ ካራክተር) ከሆነ 0 ደምሩ።
ኢስትኤዥያንዊድዝ ዳብልዩ ወይም ኤፍ (ሰፊ ካራክተር) ከመለሰ 2 ደምሩ።
ለቀረው ሁሉ 1።

ክፍተት ስትሞሉ ከምትፈልጉት ስፋት ላይ ይህን ድምር ቀንሱና የቀረውን ያህል ባዶ ቦታ ጨምሩ። መፈተኛ ከፈለጋችሁ አራት ነገሮችን አገጣጥሙ፦ ም፣ የጥብቀት ነጥብ፣ አንድ የቻይና ፊደል፣ አንድ የአውራ ጣት ኢሞጂ። ሌን 4 ማለት አለበት፣ ባይቱ 13፣ ስፋቱ 5።

የራሳችሁን መጻፍ ካልፈለጋችሁ ደብሊውሲዊድዝ የሚባል ላይብረሪ አለ። በሱ ስትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጽሑፉ ውስጥ ታብ ወይም አዲስ መስመር ካለ -1 ይመልሳል። ያን ሳታዩ ከስፋቱ ላይ ብትቀንሱት ሠንጠረዡ ይዘላል።

ከዚህ በላይ ፍጹምነት አትጠብቁ። የቤተሰብ ኢሞጂ ከአባት፣ ከእናትና ከሴት ልጅ በማይታይ ማያያዣ ይሠራል። ፓይተን 5 ይለዋል፣ ባይቱ 18 ነው። አንዱ ተርሚናል በሁለት ዓምድ አንድ ሥዕል ያሳየዋል፣ ሌላው ሦስት ሰዎች ለየብቻ ደርድሮ ስድስት ዓምድ ይወስዳል። ኮዳችሁ የትኛው ተርሚናል ላይ እንደሚሮጥ ሊያውቅ አይችልም። ፊደላችንም ቢሆን ብዙ ፎንት ላይ ከአንድ ዓምድ ሰፋ ስለሚል እርስ በርስ ይጋፋል፣ ወይም አጠገቡ ካለው ጋር ይነካካል። ያ የኮድ ስህተት አይደለም። መሰለፉ በእውነት የሚያስፈልግ ከሆነ ተርሚናሉን ተዉትና ኤችቲኤምኤል ሠንጠረዥ አውጡ።

ደረጃ 6፦ የአማርኛውን ጽሑፍ አጽዱ

ኢንኮዲንጉ ተስተካክሎም ፍለጋ አልሠራ ሊል ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለዩኒኮድ የማይገናኙ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ኖርማላይዝ የሚለው ፋንክሽን አያቀራርባቸውም፤ የሱ ሥራ ባለጭረት ላቲንና መሰሎቹ ላይ ነው። ሜክትራንስና ትራንስሌት በሚባሉት የራሳችሁን ሰንጠረዥ ሥሩ፦ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ከነሙሉ ረድፋቸው። ይህን ለፍለጋ በምታዘጋጁት ቅጂ ላይ ብቻ አድርጉት። የሰውን ስም ዋናው መረጃ ላይ አትለውጡ፤ ዐቢይ እና አቢይ ለባለቤቶቹ አንድ አይደሉም።

ሥርዓተ ነጥቡም ማጽዳት ይፈልጋል። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። ለዓይን አንድ ይመስላሉ፣ ለፕሮግራሙ ግን አንደኛው አንድ ካራክተር፣ ሌላው ሁለት ነው። መጀመሪያ ድርቡን ወደ አራት ነጥብ ቀይሩ። ቃል ለመለየት የገባውን ነጠላ ሁለት ነጥብ ወደ ባዶ ቦታ የምትቀይሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አራት ነጥቦቹ ሁሉ ይጠፋሉ። ስፕሊት ሁለት ነጥብን እንደ ክፍተት ስለማያየው ይህን እርምጃ መዝለል አይቻልም። ግን 3፡30 የሚል ሰዓት ካለ እንዳትሰብሩት፤ በግራም በቀኝም አሃዝ ካለው ተዉት።

በሬጌክስ (በጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) ፊደል ብቻ ለመያዝ ከሀ እስከ ፚ ያለውን ክልል ስጡ። እስከ ፼ ካደረሳችሁት ነጥቦቹና ቁጥሮቹም ይገባሉ። ቃል የሚይዘው ባክስላሽ-ዳብልዩ ፊደሉን ይቀበላል፣ የጥብቀት ነጥቡን ግን አይቀበልምና ቃሉን መሀል ላይ ይቆርጠዋል።

የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ወጥመድ አለው። ፩ን አሃዝ መሆኑን በሚጠይቀው ኢዝዲጂት ብትፈትሹት ትሩ (እውነት) ይላል። አምናችሁ ወደ ቁጥር ለሚለውጠው ኢንት ብትሰጡት ቫልዩ ኤረር ይወረውራል። ፲ ላይ ኢዝዲጂት ራሱ ፎልስ ይላል። ወደ ኢንት ከመስጠታችሁ በፊት የምትጠይቁት ኢዝዴሲማልን ይሁን። የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ለማወቅ ዩኒኮድዳታ ውስጥ ኑሜሪክ የሚል ፋንክሽን አለ፤ ለ፼ 10000.0 ይመልሳል።

ሙሉ ቁጥር ለማንበብ ሦስት ማጠራቀሚያ ያዙ፦ የአሁን፣ የመቶዎች፣ የጠቅላላ። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራሉ። ከ፻ በታች የሆነ ምልክት ሲመጣ ዋጋውን በአሁኑ ላይ ደምሩ። ፻ ሲመጣ የአሁኑን በ100 አባዝታችሁ ወደ መቶዎች ጨምሩና አሁኑን ዜሮ አድርጉ። ፼ ሲመጣ የመቶዎችና የአሁን ድምር በ10000 ተባዝቶ ወደ ጠቅላላው ይገባል፣ ሁለቱ ዜሮ ይሆናሉ። ከፊቱ ምንም የሌለው ፻ ወይም ፼ በ1 እንደተባዛ ይቆጠራል። መጨረሻ ላይ ሦስቱን ደምሩ። ለምሳሌ ፳፻፲፯፦ ፳ አሁኑን 20 ያደርገዋል፣ ፻ መቶዎችን 2000፣ ፲ አሁኑን 10፣ ፯ ደግሞ 17። ድምሩ 2017።